የተማሪ መንገድ በሁለት አቅጣጫ
ከናይሮቢ ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ

በኬንያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ከፍተኛ ትምህርት ስንጨዋወት አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ልጅን ወደ ውጭ ስለ መላክ ነው። የእገሌ ልጅ ካናዳ ገባ፣ የእገሊት ልጅ እዚሁ ናይሮቢ ተመረቀች፣ የሌላው ደግሞ ክፍያው ከብዶት አቋረጠ እንባባላለን። ሁላችንም የምናውቀው መንገድ ከኢትዮጵያ የሚወጣውን ነው። ይሁን እንጂ መንገዱ በተቃራኒው የነበረበት ዘመን አለ። የኬንያ፣ የዩጋንዳና የታንጋኒካ ወጣቶች ዲግሪ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይጓዙ ነበር፤ ወጪያቸውንም የምትሸፍነው ኢትዮጵያ ነበረች። ይህን ታሪክ እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን ቀርቶ ብዙዎቻችን ወላጆችም በቅጡ አናውቀውም። በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ላይ ልናነሳው የፈለግነውም ስለዚህ ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያስቀመጥነው ልጆቻችን በትምህርት ቤት የለመዱት እሱን በመሆኑ ነው።

ቀደምት መንገደኞች

ኢትዮጵያውያን ለዘመናዊ ትምህርት ወደ ውጭ መሄድ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ አንዳንዶቹ በፈቃዳቸውም የሄዱ አልነበሩም። ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ በ1868 ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ገና በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኮንን እጅ ወደ ሕንድ ተወስደው፣ እዚያ አድገው፣ ሕክምና ተምረው ነው ከብዙ ዓመት በኋላ አገራቸውን ያዩት። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በጀርመንኛ ተናጋሪው አገር ተምረው ተመልሰው ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ አስተዳደር ጻፉ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ውስጥ የጦር ትምህርት ተምረው ተመለሱ፤ በ1931 የወጣውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እርሳቸው ናቸው።

በ1920ዎቹ ራስ ተፈሪ በመንግሥት ወጪ ተማሪዎችን ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ግብፅ፣ ወደ ሊባኖስና ወደ አሜሪካ መላክ ጀመሩ። ከእነዚህ አንዱ የነበሩት ዶክተር መላኩ በያን በአሜሪካ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1935 ተመረቁ፤ አገራቸው በጣልያን በተወረረች ጊዜም የጥቁር አሜሪካውያንን ድጋፍ በማሰባሰብ ትልቅ ሥራ ሠሩ። ሆኖም ያ ትውልድ ክፉ ዕጣ ደረሰበት። በ1937 በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ ፋሺስቶች የተማረውን ወጣት እየለዩ ፈጁት። ከነጻነት በኋላ መንግሥት እንደ ገና ሲቋቋም ቢሮውን የሚይዝ የተማረ ሰው የታጣው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

እዚህ ላይ ኬንያ ለእኛ መጠጊያ የሆነችው በቅርቡ ብቻ እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል። በዚያው በወረራው ዘመን ድንበር ተሻግረው የመጡ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በኢሲዮሎ፣ በኋላም በታቬታ ካምፕ ተጠልለው ነበር። እንግዲህ የሁለቱ ሕዝቦች ውለታ ከኬንያ ነጻነት ይቀድማል ማለት ነው።

የአክራው ቃል

ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ የራሷን ከፍተኛ ትምህርት ቤት ለማቋቋም ተነሳች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሲከፈት የሚመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ቀጥሎም የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ፣ የጎንደር ጤና ኮሌጅና የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ተከተሉ። የትምህርት ሚኒስትርነቱን ሥልጣን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ይዘውት ስለነበር ወደ ውጭ የሚሄድ ተማሪ ከመሳፈሩ በፊት፣ ተምሮ ሲመለስም ቤተ መንግሥት ቀርቦ እጅ መንሳት የተለመደ ነበር።

በሚያዝያ ወር 1958 ነጻ የነበሩት ስምንት የአፍሪካ መንግሥታት በአክራ ተሰበሰቡ። እነሱም ኢትዮጵያ፣ ጋና፣ ላይቤሪያ፣ ሊቢያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳን፣ ቱኒዚያና በወቅቱ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅና ሶርያ ናቸው። ከተቀረው አፍሪካ አብዛኛው ገና በቅኝ አገዛዝ ሥር ነበር። ኢትዮጵያም በዚያ ጊዜ ለአፍሪካውያን ወጣቶች 200 የነጻ ትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች።

የዚህ ቁጥር ክብደት የሚገባን በዚያን ጊዜ በመላው ኢትዮጵያ የነበሩት የኮሌጅ ተማሪዎች ገና በመቶዎች ይቆጠሩ እንደነበር ስናስታውስ ነው። ያቺ አገር ለራሷ ልጆች እንኳ በቂ ቦታና በቂ መምህር አልነበራትም። ስለዚህ የሰጠችው ከትርፏ ሳይሆን ከጉድለቷ ነው። እርግጥ ነው፣ ውሳኔው የፖለቲካ ዓላማም ነበረው። ኢትዮጵያ ነጻ በሚወጡት አገሮች ዘንድ መሪ ሆና መታየት ትፈልግ ነበር፤ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረትም ይህ ፍላጎት ፍሬ አፍርቷል። ነገር ግን ዓላማው ምንም ይሁን ምን የተከፈተው በር እውነተኛ በር ነበር።

በኬንያ በኩል ደግሞ ጥማቱ ትልቅ ነበር። አገሪቱ እስከ ጥር 1960 ድረስ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች። ለመላው ምሥራቅ አፍሪካ የዩኒቨርሲቲ ደረጃ የነበረው ማኬሬሬ ብቻ ነበር፤ ናይሮቢ ላይ በ1956 የተከፈተው ሮያል ቴክኒካል ኮሌጅም ገና ጀማሪ ነበር። ቶም ምቦያ ገንዘብ አሰባስበው 81 ወጣቶችን በአንድ አውሮፕላን ወደ አሜሪካ የላኩት በ1959 ነው። የአዲስ አበባው ዕድል ከዚያ በአንድ ዓመት ይቀድማል። ስለ አሜሪካው ጉዞ ብዙ ተጽፎለታል፤ ስለ አዲስ አበባው ግን የሚያወራ ጥቂት ነው።

በአንድ ጣሪያ ሥር

ተማሪዎቹ ከኬንያ፣ ከዩጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያ፣ ከሱዳንና ከሌሎችም አገሮች መጥተው ከኢትዮጵያውያኑ ጋር በአንድ ማደሪያ ያድሩ፣ በአንድ አዳራሽ ይመገቡ ነበር። የመማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ በንግግር አልተቸገሩም። ያልጠበቁት ግን ሌላ ነው። በሩቅ ሆነው የነጻነት ምልክት አድርገው ያዩዋት ኢትዮጵያ ውስጥ ሲገቡ የገበሬውን ድህነትና የመናገር ነጻነትን እጦት አዩ። እነሱ በአገራቸው የሠራተኛ ማኅበር፣ የፖለቲካ ፓርቲና ሰላማዊ ሰልፍ የለመዱ ስለነበሩ ያዩትን ደፍረው ይናገሩ ነበር።

ኢትዮጵያውያኑም በበኩላቸው ተገረሙ። «ቅኝ ያልተገዛን እኛ ብቻ ነን» እያለ ያደገ ወጣት በቅኝ ግዛት ያደገ እኩያው በትምህርትም ሆነ በፖለቲካ ንቃት ከእርሱ እንደማያንስ፣ አንዳንዴም እንደሚበልጥ ሲያይ ራሱን መጠየቅ ጀመረ። አገራችን ነጻ ሆና ሳለ ስለ ምን ወደ ኋላ ቀረች? የሚለው ጥያቄ ከማደሪያው ክፍል ወደ ክርክር መድረክ ወጣ። በታኅሣሥ 1960 የእነ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር የኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። በ1965 ደግሞ «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ሞሉ። የኢትዮጵያን የተማሪዎች ንቅናቄ ታሪክ የጻፉ ምሁራን ለንቅናቄው መጀመር ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ የእነዚህ የአፍሪካ ተማሪዎች መምጣት ነው።

ልብ እንበል። ንጉሠ ነገሥቱ ተማሪዎቹን የጠሩት ኢትዮጵያን አይተው እንዲያደንቁና እንዲመሰክሩላት ነበር። እነሱ ግን ኢትዮጵያውያኑን አነቁ። የውጭ ተማሪ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን እንጂ የሚቀበለውን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም።

ከእነዚያ ተማሪዎች መካከል በኬንያ ታሪክ ስሙ የገነነው ሮበርት ኡኮ ነው። በኪሱሙ አካባቢ የተወለደው ኡኮ በ1958 ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በሕዝብ አስተዳደር፣ በኢኮኖሚክስና በፖለቲካ ሳይንስ ተምሮ በ1962 ተመረቀ። በመካከሉ በ1961 ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለትምህርት ሰጥተው ኮሌጆቹ ተዋሕደው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብለው ነበር፤ ይኸውም ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ነው። ኡኮ በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ በሁለት የተለያዩ ጊዜያት ሠርቷል። በየካቲት 1990 መገደሉ ኬንያውያንን እስከ ዛሬ የሚያነጋግር ቁስል ነው። ልጆቻችን ስሙን በኬንያ የታሪክ መጽሐፍ ሲያገኙት ስድስት ኪሎ የተማረ ሰው መሆኑን እንዲያውቁ እንፈልጋለን።

መንገዱ ሲዞር

ኬንያ በ1963 ነጻ ወጣች። በዚያው ዓመት ማኬሬሬ፣ ናይሮቢና ዳሬሰላም በአንድነት የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ በ1970 ደግሞ ተለያይተው ናይሮቢ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ጎረቤቶቻችን የራሳቸውን በር ሲከፍቱ የእኛ በር ጠበበ። በ1974 አብዮቱ ፈነዳ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪውና መምህሩ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ቀይ ሽብር ብዙዎቻችሁ ከእኛ በተሻለ ታውቁታላችሁ። በየቤቱ የጠፋ ተማሪ አለ።

በደርግ ዘመን የውጭ ትምህርት አልቆመም፤ አቅጣጫው ግን ተለወጠ። ብዙ ሺህ ወጣቶች ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመን፣ ወደ ቡልጋሪያና ወደ ሌሎች የሶሻሊስት አገሮች ሄዱ። ከሶማሊያ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች ጭምር ወደ ኩባ ተልከው የወጣቶች ደሴት በሚባለው ሥፍራ ተማሩ። ቀደም ብለው ምዕራብ አገር የሄዱት ደግሞ ብዙዎቹ ሳይመለሱ ቀሩ። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይላል ያገራችን ሰው፤ በሬው ግን ወደ አገሩ የሚመለስበት መንገድ ተዘግቶበት ነበር።

ወደ ኬንያ የመጡት በዚያ ዘመን ቁጥራቸው ብዙ አልነበረም። በቲካ መቀበያ ማዕከል አልፈው በከተማ እንዲኖሩ፣ እንዲማሩና እንዲሠሩ ይፈቀድላቸው ነበር። በ1991 የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ግን በሞያሌ በኩል ሕዝብ ጎረፈ። የዋልዳ ካምፕ ሞላ፤ በኋላም ብዙዎቹ በ1992 ወደ ተቋቋመው ወደ ካኩማ ተዛወሩ። በጥር 1993 እና በሚያዝያ 2001 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ተቃውሞ በኃይል ከተበተነ በኋላም ትምህርታቸውን አቋርጠው የተሰደዱ ነበሩ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የነበረ ወጣት ናይሮቢ ሲደርስ የውጤት ወረቀቱ አዲስ አበባ ቀርቷል፤ ሄዶ ማምጣት አይችል፣ ያለ ወረቀትም ተማሪ መሆኑን የሚያምነው የለም። ከስደት ሁሉ ይህ የተለየ ስደት ነው፤ ሰውየው አገሩን ብቻ ሳይሆን የተማረባቸውን ዓመታትም ያጣል።

ለእነዚህ ወጣቶች የተከፈቱ ጠባብ በሮች ነበሩ። በጀርመን መንግሥት ገንዘብና በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አማካይነት ከ1992 ጀምሮ የሚሰጠው፣ ዳፊ እየተባለ የሚጠራው የነጻ ትምህርት ዕድል ብዙ ስደተኛ ተማሪዎችን በመጠለያ አገራቸው ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። የካናዳ ዓለም አቀፍ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ከካምፕ የተመረጡ ወጣቶችን ወደ ካናዳ ወስዶ ትምህርትንና መኖሪያን በአንድነት ይሰጣል። በሁለቱም ቢሆን ከሚያመለክተው የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በ1998 በራሳቸው ወጪ የሚማሩ ተማሪዎችን በሰፊው መቀበል ሲጀምር ግን ለሚከፍል ሁሉ ሌላ በር ተከፈተ። እንጀራ ጋግራ ለሱቅ የምታስረክብ እናትና ኢስሊ ውስጥ ሱቅ ያለው አባት ልጃቸውን ዩኒቨርሲቲ ያስገቡት ከዚያ ወዲህ ነው።

በሁለቱም በር እንግዳ

አሁን ወደ ዛሬው ጉዳያችን እንምጣ። በኬንያ ሕገ መንግሥት መሠረት ዜግነት የሚገኘው እዚህ በመወለድ ሳይሆን ከኬንያዊ አባት ወይም እናት በመወለድ ነው። በመሆኑም ናይሮቢ ተወልዶ፣ ስዋሂሊውን እንደ ውኃ ጠጥቶ፣ የአራተኛ ፎርም ፈተናውን ከኬንያውያን ልጆች ጋር ተቀምጦ ያለፈ የእኛ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ «ዓለም አቀፍ ተማሪ» ይባላል። በመንግሥት የሚደረገው የተማሪ ምደባና የመንግሥት የትምህርት ብድር የኬንያ ዜጎች ነው። ልጁ የውጭ ዜጋ ክፍያ ይጠየቃል፤ ስቱደንት ፓስ የሚባለውንም ፈቃድ ከኢሚግሬሽን ማውጣትና ማደስ አለበት።

ይኸው ልጅ ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ ልማር ቢል ደግሞ የያዘው የኬንያ ሰርተፍኬት ስለሆነ የአቻ ግምት ያስፈልገዋል። አማርኛ ቢናገርም ማንበብ ይቸግረው ይሆናል። እዚያም እንግዳ፣ እዚህም እንግዳ ይሆናል። በሌላ በኩል ከአዲስ አበባ ዲግሪ ይዞ እዚህ ለመሥራት ወይም ማስተርስ ለመቀጠል የሚመጣ ሰው ዲግሪውን ለሚመለከተው የኬንያ መሥሪያ ቤት አቅርቦ ማስመዘን ይኖርበታል።

አገሮች ይህን ችግር አያውቁትም ማለት አይደለም። የአፍሪካ መንግሥታት አንዱ የሌላውን ዲግሪ እንዲያውቅ በ1981 በአሩሻ ስምምነት አድርገው ነበር። ስምምነቱ ተሻሽሎ በታኅሣሥ 2014 በአዲስ አበባ ጸደቀ፤ «የአዲስ ስምምነት» ተብሎ በ2019 በሥራ ላይ ዋለ። የከተማችን ስም የተሰጠው ውል የእኛን ልጆች ችግር የሚመለከት መሆኑ ያስደስታል፤ ውል በወረቀት መኖሩና በምዝገባ መስኮት መሠራቱ ግን ለየቅል ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አገሮችም ከፍተኛ ትምህርታቸውን አንድ ወጥ ለማድረግ ተስማምተዋል፤ ኢትዮጵያ ግን የማኅበረሰቡ አባል አይደለችም።

መልካም ምሳሌዎችም አሉ። የአፍሪካ ኅብረት ያቋቋመው የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ተቋሙ ጁጃ በሚገኘው በጆሞ ኬንያታ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ከመላው አፍሪካ የተመረጡ ተማሪዎች በነጻ የትምህርት ዕድል ማስተርስና ዶክትሬት ይማሩበታል፤ ኢትዮጵያውያንም ተምረውበታል። ኢትዮጵያም ብትሆን ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሏት፤ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያና ከጅቡቲ የመጡ ወጣቶችም በዩኒቨርሲቲዎቿ ተምረዋል። የአክራው ቃል ፈጽሞ አልሞተም።

ከእኛ ምን ይጠበቃል

ውድ አንባብያን፣ ታሪክ የምንጽፈው ለመመካት ብቻ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። ከላይ ከተጻፈው ሦስት ነገር ብንይዝ መልካም ነው እንላለን።

አንደኛ፣ ወረቀት እንጠብቅ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ሰውን ደጋግሞ የጣለው የእውቀት ማነስ ሳይሆን የማስረጃ መጥፋት ነው። የልጅ የልደት ሰርተፍኬት፣ የክፍል ውጤትና የፈተና ሰርተፍኬት ዋናውና ኮፒው በሁለት የተለያየ ቦታ ይቀመጥ። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሰርተፍኬት ተረጋግጦና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ተደርጎበት ይምጣ። ልጅ አራተኛ ፎርም ከመድረሱ በፊት የመኖሪያ ፈቃዱና የዩኒቨርሲቲው ክፍያ ይጠየቅ፤ ውጤት ከወጣ በኋላ መሯሯጥ ብዙ ልጆችን አንድ ዓመት ቤት አስቀምጧል።

ሁለተኛ፣ ትዝታ እንሰብስብ። በመካከላችን ስድስት ኪሎ የተማሩ፣ በሞስኮ ወይም በሃቫና የተመረቁ፣ ከካኩማ ተነስተው ዲግሪ የያዙ ሰዎች አሉ። ኬንያውያን ጎረቤቶቻችንም ዘንድ አያታቸው አዲስ አበባ የተማረ ቤተሰብ ይገኝ ይሆናል። በ1958 የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ 90 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው። ልጆቻችን ስልካቸውን ይዘው እነዚህን ሽማግሌዎች ይቅረጿቸው። የማኅበራችን መዝገብ ከማን መዋጮ ስንት እንደገባ ብቻ ሳይሆን ማን የት እንደተማረም ሊይዝ ይገባዋል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። ለተቸገረ ተማሪ የሚሆን ገንዘብ ለማዋጣት ስናስብ ለአንድ የእኛ ልጅ ከምንከፍለው ጎን ለአንድ የጎረቤት፣ ለኬንያዊ ልጅም ቦታ ብንተው ምን ይለናል? «መጀመሪያ ለራሳችን ይብቃን» የሚል ድምፅ እንደሚነሳ እናውቃለን፤ የሚነሳውም ካለ ምክንያት አይደለም፤ የብዙዎቻችን ኑሮ ከእጅ ወደ አፍ ነው። ነገር ግን አባቶቻችን 200 የውጭ ተማሪ ሲጠሩ የነበራቸው የኮሌጅ ወንበር ለራሳቸው ልጆች አልበቃም ነበር። እንዲበቃ ቢጠብቁ ኖሮ እስከ ዛሬ አንድም አይጠሩም ነበር።

ይህች አገር በታቬታ፣ በቲካና በካኩማ አስጠግታናለች። ልጆቻችንንም እያስከፈለችም ቢሆን አስተምራለች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንላለን፤ ጎረቤትነቱ ደግሞ በቡና ጠጡና በአመት በዓል ዳቦ ብቻ አይገለጽም። የሚመጣው የኢዮቤልዩ መጽሔት ሲታተም በማኅበራችን ድጋፍ ከተመረቁት መካከል አንድ የኪሱሙ ወይም የማቻኮስ ልጅ ስም ቢገኝበት ስድስት ኪሎ ላይ የተጀመረው ሥራ ናይሮቢ ላይ ቀጠለ ማለት ነው።